ጥሩንባው ድምፁን ያጣ ሰሞን

መታወቂያ የሚሰጥበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ስም ጠሪ ነበር። ያለቀላቸውን መታወቂያዎች ታቅፎ አዳራሹ ፊት ለፊት ይቆምና የባለቤቶቹን ስም ከነአባታቸው ይጠራል። ሲጠራ ደግሞ እንዲሁ የዋዛ እንዳይመስላችሁ! መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ የተኛ ሕፃን ብርግግ ይላል፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ መቀሱን ይዞ ቆም ይላል። ሰዎች «ጥሩንባው» ያሉት ያለ ነገር አልነበረም። ተጠርቶ ያልቀረበ ሰው ካለ «የለም!» ይልና መታወቂያውን መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። «እኔ ጠርቼው ያልሰማ ሰው፣ በቃ አልመጣም ማለት ነው» ይል ነበር ደረቱን ነፍቶ።

መሥሪያ ቤቱ መስማት የተሳናት ወጣት በቀጠረ ጊዜ ከሁሉም በላይ ሽር ጉድ ያለው እሱ ነው። አንጀቱን በልታው ነበር። «ይቺን ልጅ ማንም እንዳያስቸግራት!» ብሎ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለውን ክፍል አስጠረገላት፣ ምንጣፍ አስነጠፈላት፣ ሚስቱ እየተቆጣችው ከቤቱ ትራስ ሳይቀር ይዞ መጣ። ኃላፊዋም ደስ አላት፤ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር በሩን ገርበብ አድርጋ «እኛ ጋ ሁሉም እኩል ነው» እያለች ታሳያለች። እዚያ ክፍል ውስጥ የጠፋው ሥራ ብቻ ነው። ልጅቷ «የምሠራው ስጡኝ» ብላ ወረቀት ላይ ጽፋ ስታሳየው፣ ጥሩንባው ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሻይ ያዝላታል። ደመወዟ ይገባል፣ የሚቆጣት የለ፣ ምን ጎደለባት? ብሎ ነበር የሚያስበው፣ ሞኙ።

ታዲያ አንድ ሰሞን ጉሮሮውን ይከረክረው ጀመር። ሐኪሙ አየውና «እስኪሻልህ ትንፍሽ እንዳትል፤ እምቢ ካልክ ድምፅህን ጭራሽ ታጣዋለህ» አለው። ሚስቱ ወሬውን ስትሰማ ደነገጠች። ትንሽ ቆይታ ግን «እሰይ! ዛሬስ ሳታቋርጠኝ የጀመርኩትን ጨዋታ ልጨርስ ነው» ብላ ሳቀች። እሱም ሳቁ መጥቶበት፣ ጉሮሮውን ፈርቶ ዋጥ አደረገው።

ቢሮ ሲገባ ኃላፊዋ በአክብሮት ተቀበለችው። «ጋሼ፣ እርስዎ ብዙ ለፍተዋል፣ ይረፉ። ድምፅዎ ካልተመለሰም ጡረታዎን ቀደም አድርገን እንጨርስልዎታለን፣ ምንም አያስቡ» አለችና ክንዱን ደግፋ ኮሪደሩን ይዛው ሄደች። እግሩ ጤነኛ ነው እኮ! ወዴት እንደምትወስደው የገባው በሩ ሲከፈት ነው። ያ ምንጣፍ። ያ ትራስ። የገዛ ትራሱ!

ሻይ መጣለት። ጠጥቶ ሲጨርስ ሌላ ሻይ መጣ። በእሱ ቦታ የቆመችው ተላላኪ እየደነቃቀፋት ስም ስትጠራ ከሩቅ እየሰማ፣ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ዋለ። ሰው በደግነት በቁሙ ይቀበራል እንዴ? ብዕር አነሳና አጠገቡ ለተቀመጠችው ልጅ «ይቅር በዪኝ ልጄ፣ አላወቅሁም ነበር» ብሎ ጻፈላት። እሷም አንብባ ፈገግ አለችና ከሥሩ ጻፈች፦ «ይቅርታውን ይተዉትና ይነሱ። መታወቂያው ላይ ፎቶ አለ አይደል? ታዲያ ምን ያስጮኻል?»

ተያይዘው ኃላፊዋ ዘንድ ገቡ። «ነገን ብቻ ሞክሩን፤ ካልሆነልን የጡረታውን ወረቀት እፈርማለሁ» ብሎ ጻፈላት። ኃላፊዋ ግራ ገባት። «ሁለታችሁም ሳትናገሩ? ሕዝቡ ምን ይለናል?» አለች። ሲለማመጧት ጊዜ ግን «እሺ፣ እስከ ምሳ ሰዓት» አለች፣ በግማሽ ልብ።

በማግስቱ ልጅቷ አዳራሹ ፊት ቆመች። መጀመሪያ የከፈተችው ያንን «የለም» የተባሉትን ሰዎች መሳቢያ ነው። ጥሩንባው አጠገቧ ቆሞ ላብ አጠመቀው፤ ምነው አዲሶቹን ባስቀደመች! ከመሳቢያው አንዱን መታወቂያ አወጣች፣ ፎቶውን አየች፣ ቀና ብላ በሰዉ ፊት ላይ ዓይኗን አሳለፈችና እጇን ዘረጋች። ጥግ ላይ የተቀመጠች ሴት «እኔን?» ብላ ተነሳች። ከሩቅ አገር የመጣች ናት፤ ጥሩንባው ስሟን አጣሞ ሲጠራው የሷ አይመስላትም ነበር። ሌላ መታወቂያ፣ ሌላ ፊት። አዳራሹ ቀስ በቀስ ጸጥ እያለ ሄደ። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ እጇን ይከተላል፤ የተመለከተችው ሰው ሲነሳ የሌላውም ፊት ይበራል። ኧረ ጉድ! ጥሩንባው በዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም።

ከዚያ ወደ አንድ ሽማግሌ ጠቆመች። ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡና መታወቂያቸውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፃቸው እንደ ጩኸት ነው፦ «ሁልጊዜ እየመጣሁ እዚያች አግዳሚ ላይ ነበርኩ እኮ! ዛሬ ገና ተጠራሁ!»

ጥሩንባው አንገቱን ደፋ። ኃላፊዋ በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች። ምሳ ሰዓት ማለፉን ያነሳ የለም። ኃላፊዋ ተላላኪዋን ጠርታ «ከዚያ ክፍል ሁለቱንም ወንበር ወደዚህ አምጪ» አለቻት። «ትራሱንስ?» ስትላት «እሱን ለጋሼ ባለቤት መልሺላቸው» አለች።

ልጅቷ በክርኗ ነካ አድርጋው ቀጣዩን መታወቂያ ሰጠችው። እንደ ልማዱ ዓይኑ ስሙ ላይ ሄደ፣ አፉም ሊከፈት አለ። መልሶ ገጠመው። ከዚያ ፎቶውን አየው። ያን ሁሉ ዘመን ሲጠራ፣ አንድም ቀን ፎቶ አይቶ አያውቅም ነበር። አንዲት ግንባሯ ሰፊ፣ ፈራ ያለች ኮረዳ ከፎቶው ውስጥ ታየዋለች። ቀና አለና ይፈልጋት ጀመር።