ለጌሾ የተላኩ ሽማግሌዎች

ካሰች ለራሷ ሽማግሌ ልካ አታውቅም። ባሏ ጥሏት ሲሄድ አልላከችም። ልጇ አኩርፋት ቴክሳስ ስትገባም አልላከችም። የላከችው ለአንድ ጌሾ ነው።

ከካሰች ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አፓርትመንት ተጋርተን ስንኖር ስምንት ዓመታችን ነው። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ አጭር፣ ጉልበተኛ፣ መዳፏ የሰፋ የደብረ ማርቆስ ሴት። እዚህ አገር የመጣችው ልጇ ሄርንደን የሚባል ከተማ ሆና ስትወልድ ሕፃን ለማሳደግ ነው። ሕፃኑ ትምህርት ቤት ሲገባ አያት የማታስፈልግ ሆነች፤ ቤቱም ጠበበ። እነሱ ሄዱ፣ እሷ ቀረች። ኤርፖርት ሳህን አጠበች፣ ክሪስታል ሲቲ ቢሮ ጠረገች። ወገቧ አልታዘዝ ሲላት እኔ ወደምሠራበት ወደ ወይዘሮ ፀዳለ ቤት ወሰድኳት። ኋላ ለዚህ ይቅርታ ብጠይቃት "ምን አጠፋሽና?" አለችኝ። እንዲህ ዓይነት ሴት ናት፤ ታናድዳለች።

የወይዘሮ ፀዳለ ቤት አሌክሳንድሪያ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ከወንዙ ብዙ ሳይርቅ የቆመ ቀይ የጡብ ቤት ነው። ባላቸው ዶክተር ሳህሉ በደርግ ጊዜ የወጡ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ የጥርስ ሐኪም ናቸው። የሰው አፍ ከፍተው የኖሩ ሰው የራሳቸውን ቤታቸው ውስጥ ከፍተው አያውቁም። በዚያ ሰፈር ያለ ቤት ሁሉ ከኋላው በግንብ የታጠረ፣ ከመንገድ የማይታይ ትንሽ ግቢ አለው። ጸደይ በመጣ ቁጥር የሰፈሩ ማኅበር በዓል ያደርጋል። ሦስት ምሽት ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ፋኖስ የያዘች አስጎብኚ እየመራችው፣ ከግቢ ግቢ እየዞረ የሰው አበባ ያያል። መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም። አበባ በየመንገዱ ዳር በነፃ ሞልቶ የሰው ጓሮ ለማየት ይሰለፋሉ። ሲያዩም በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት፤ በሽተኛ ሊጠይቁ የገቡ ይመስላሉ።

ወይዘሮ ፀዳለ ይህ ሰልፍ ወደ ቤታቸው እንዲገባ አሥራ አንድ ዓመት ተመኝተዋል። ለማኅበሩ ሴቶች በየገናው ኬክ ልከዋል፤ የአበባ ስም በላቲን ሸምድደዋል። አፈር ግን በእጃቸው ነክተው አያውቁም። አፈሩ የካሰች ነበር።

ካሰች ቤት ልትጠርግ ገብታ በሁለተኛው ሳምንት መጥረጊያውን አስቀምጣ ግቢ ወጣች። ያን ጊዜ ግቢው ድንጋይና የሞተ ሣር ነበር። ጽጌረዳውን ግንቡ ላይ አሳረገችው። ቱሊፑን ብርዱ ሳይገባ እየቀበረች በጸደይ አወጣችው። አዛሊያ የሚሉትን ባለ አበባ ቁጥቋጦ ከሞት አስነሳችው። ከዚያም ፀሐይ በሚበዛበት ጥግ፣ ግንቡ ሥር፣ ጌሾ ዘራች። ጎረቤታችን ከአገር ስትመለስ በወረቀት ጠቅልላ ካመጣችላት ሰባት ፍሬ የበቀለላት አንዱ ብቻ ነው። ክረምት ሲሆን የራሷን ብርድ ልብስ ታለብሰውና እሷ ካፖርቷን ደርባ ትተኛለች። እንዲህ እያደረገች በስድስት ዓመት ከሰው ቁመት በላይ አደረሰችው።

ፋሲካ ሲቃረብ ቅጠሉን ቀንጥሳ በፌስታል ትይዝና ጠላ ለሚጠምቁ የሕንፃችን ሴቶች በሙሉ ታድላለች። ሱቅም ይሸጣል፤ የደረቀ፣ የከረመ፣ መራራነቱ የሄደ። የካሰችን ፍለጋ ከዊተን ድረስ የሚመጡ ነበሩ። ስሟን የማያውቁት "የጌሾዋ ሴትዮ" ይሏታል። በዚህ አገር ያላት ክብር ይኸው ነው። ብዙ አይደለም፤ ሌላ ግን የላትም።

ዘንድሮ ማኅበሩ ለወይዘሮ ፀዳለ እሺ አላቸው። በዓሉ ሐሙስ ሊጀመር ሰኞ ዕለት ግቢውን እየዞሩ መረመሩ። ጌሾው ፊት ሲደርሱ ቆሙ።

"ካሰች፣ ይሄ ነገር እስከ ሐሙስ ይነሳልኝ።"

"የቱ እትዬ?"

"ይሄ ቅጠል። አበባ የለው፣ መልክ የለው፣ ስፔስ ይዞ ተገትሯል። እዚህ የሚቆም የውኃ ፋውንቴን ኦርደር አድርጌያለሁ።"

"ጌሾ እኮ ነው፣ እትዬ።"

"ጌሾ መሆኑን አጣሁት? እሱ አይደል ያስቸገረኝ! ፈረንጁ ምንድነው ብሎ ቢጠይቀኝ የጠላ ነው ልበል? ግቢዬን ጠላ ቤት ልታስመስይው ነው?"

"ጥግ ነው ያለው፤ ማታ ደግሞ ብዙም አይታይም።"

"አትከራከሪኝ። ሐሙስ ብያለሁ።"

ካሰች "እሺ" አለች። በባቡር ስንመለስ እኔ ነበርኩ የምቃጠለው።

"አፍ የለሽም? እምቢ አይባልም?"

"በሰው ግቢ?"

"የዘራሽው አንቺ!"

"መሬቱ የሳቸው ነው ከቤ።"

"እንግዲያ ነቅለሽ ውሰጂዋ።"

"የት ላደርገው? ስድስተኛ ፎቅ? ሥሩ ግንቡ ሥር ገብቷል። ከተነቀለ አለቀለት።"

ከቢጫው የባቡር መስመር ወርደን ቀዩን ያዝን። ከዚያ ድንገት "ሽማግሌ ብልክባቸውስ?" አለችኝ።

ሰው እስኪዞርብን ድረስ ሳቅሁባት። ሽማግሌ ለጋብቻ ይላካል፣ ለደም ይላካል፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ይላካል። ለቅጠል ሽማግሌ ሲላክ ሰምቼ አላውቅም። ካሰች አልሳቀችም።

የእድራችን ሊቀ መንበር አቶ ሙላቱም አልሳቁም። ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው፣ የከተማው ሐበሻ ሁሉ አውቋቸው ጡረታ ወጥተዋል። ሰው በየቤቱ እየተጣላ ፍርድ ቤት ስለሚሄድ የሚያስታርቁት አጥተው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ካሰች ነገሩን ስትነግራቸው ወንበራቸውን አስተካከሉ።

"ጉዳዩ ከባድ ነው" አሉ። "ሦስት ሆነን እንሄዳለን። ሐሙስ ማታ።"

"ሐሙስ ማታ በዓል አለባቸው ጋሼ" አልኳቸው።

"በዓል ካለማ በጣም ጥሩ! ሰው በበዓል ልቡ ይራራል። ባለቤቱም እቤቱ ይገኛል።"

"ጋሼ፣ እንደኛ በዓል አይደለም። የአበባ ነው።"

"የምንም ይሁን። በዓል በዓል ነው።"

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ፀዳለ ጌሾው ቆሞ አገኙት።

"ለምንድነው ያልተቆረጠው?"

"መጋዙ ደንዞብኝ እትዬ።"

ካሰች ስትዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደግነቱ ፋውንቴኑም አልደረሰም። "ነገ ጠዋት በጥርስሽም ቢሆን ትጥይዋለሽ" አሉና በዚያ ጥግ መብራት እንዳይሰቀል አዘዙ።

ሲመሽ እንግዶቹ ገቡ፤ ሃያ ያህል ይሆናሉ። ወይዘሮ ፀዳለ ለቤተ ክርስቲያን እንኳ የማይለብሱትን የሐበሻ ቀሚስ ለብሰዋል። አስጎብኚዋ ፋኖሷን ከፍ አድርጋ፣ ይህንን ሁሉ አበባ የቤቱ እመቤት በገዛ እጃቸው እንዳሳደጉት ተናገረች። ወይዘሮ ፀዳለ አንገታቸውን ደፋ አድርገው እጃቸውን ደበቁ። መደበቃቸውስ ደግ አደረጉ፤ ጥፍራቸውን ያየ ሰው አያምንም ነበር። እንግዶቹ በተራ "ኦ!" አሉ። አንዷ ቱሊፕ ፊት ቆማ ዕንባዋን ጠረገች። ካሰች በወጥ ቤቱ በር ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዛ ቆማለች፤ ወደ በሩ ጎንበስ ብሎ እግዜር ይስጥልኝ ያላት የለም።

በዚህ መሐል የጎኑ በር ተከፍቶ አቶ ሙላቱ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ገቡ። ሙሉ ልብስ በክራባት፣ በላዩ ነጠላ፣ በእጃቸው ከዘራ። ትኬት የምትቆርጠው ልጅ የፕሮግራሙ አካል መስለዋት በፈገግታ አሳለፈቻቸው። ግቢው መሐል ተደርድረው እጅ ነሱ።

የወይዘሮ ፀዳለ ፊት አመድ መሰለ። "ጋሽ ሙላቱ! ምነው በደህና? ዛሬ እኮ እንግዳ አለብኝ።"

"አየን። እሰየው፤ ምስክር ይበዛልናል።"

"ወደ ቤት ይግቡ፤ ይቀመጡ።"

"አንቀመጥም። የመጣንበት ካልተፈጸመልን አንቀመጥም።"

ሁለተኛው ሽማግሌ አቶ አበጀ ጆሯቸው ከባድ ነው፤ ወደ እኔ ዘንበል ብለው "ሙሽራይቱ የትኛዋ ናት?" አሉኝ።

አስጎብኚዋ ፋኖሷን ይዛ ቀረበች። ወይዘሮ ፀዳለ በእንግሊዝኛ፣ እነዚህ የቤተሰብ አባቶች ናቸው፤ በባህላችን ጸደይ ሲገባ ግቢ ይመርቃሉ አሏት። ሃያው ሰው ስልኩን አውጥቶ ከበበ።

አቶ ሙላቱ የሰውን ብዛት ሲያዩ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ስለ ሊባኖስ ዝግባ ተናገሩ። ስለ ገነት ተናገሩ። አዳም የተባረረው ዛፍ በልቶ እንጂ ዛፍ ተክሎ እንዳልሆነ አስረዱ። "ይህ ጌሾ ምን በደለ? ሰው ሰደበ? ድንበር ገፋ?" አሉ። አንድ ነገር በተናገሩ ቁጥር ወይዘሮ ፀዳለ በእንግሊዝኛ "ቤቱን እየባረኩ ነው" ይላሉ፤ እንግዳውም ያጨበጭባል። አቶ ሙላቱ በጭብጨባው በረቱ።

"ያው ሕዝቡም አብሮን ይለምናል!" አሉ።

ወይዘሮ ፀዳለ ፈገግታቸውን ሳያጥፉ በጥርሳቸው መሐል "እሺ፣ እሺ፣ አልቆርጠውም። ብቻ ይቀመጡልኝ" አሉ።

"በማን ስም?"

"ጋሽ ሙላቱ፣ እባክዎ..."

"በማን ስም?"

"በእግዚአብሔር ስም።"

ሦስቱ ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። ፈረንጆቹ ሁለተኛው "አሜን" ላይ ገብቷቸው ሦስተኛውን አብረው አሉ። አስጎብኚዋ ፋኖሷን ወደ ጨለማው ጥግ ይዛ ሄዳ ይህ የተመረቀው ምን ዛፍ ነው ብላ ጠየቀች። ወይዘሮ ፀዳለ ቅንጣት ሳያፍሩ ቅዱስ ዛፍ ነው፣ ከአያቶቼ ርስት የመጣ ነው አሏት። ከዚያ በኋላ ቱሊፑን ዞሮ ያየው የለም። ሁሉም ጌሾው ሥር እየቆመ ፎቶ ተነሣ።

ካሰች ትሪውን አስቀምጣ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመች። እነሱ ጾም ነው ብለው ውኃ ብቻ ጠጡ። ሲወጡ አቶ ሙላቱ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው "ለፋሲካ ትንሽ ቅጠል አትረሺን" አሏት።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ፀዳለ ሁለታችንንም ወጥ ቤት ጠሩን። ዶክተር ሳህሉ ጋዜጣ ይዘው ተቀምጠዋል።

"ዛፉ አይቆረጥም" አሉ ወይዘሮ ፀዳለ። "ቃል ገብቻለሁ፤ ቃሌን እጠብቃለሁ። ማኅበሩም ወዶታል። ከዛሬ ጀምሮ ግን ግቢውን የአትክልተኞች ካምፓኒ ይይዘዋል። ካሰች፣ ቁልፉን አስቀምጪና ሂጂ።"

"ምን አጠፋሁ እትዬ?"

"በእንግዳዬ ፊት ሦስት ሽማግሌ ልከሽ ካዋረድሽኝ በኋላ ምን አጠፋሁ?"

"ሽማግሌዎቹ ፊት እኮ እሺ ብለው ነበር..."

"የለመኑኝ ስለ ጌሾው ነው። ስለ አንቺ ማን አፉን ከፈተ?"

እውነታቸውን ነው። የዚያን ምሽት ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቻለሁ። ሊባኖስ ተጠርቷል፣ አዳም ተጠርቷል፤ ካሰች የሚል ቃል ግን አንድ ጊዜም አልወጣም። እሷም ስለኔ ንገሩልኝ አላለቻቸውም። ዶክተር ሳህሉ ጋዜጣቸውን ገለጡ። እኔም ጨርቄን አንስቼ ወደ መስኮቱ ተመለስኩ፤ የቤት ኪራዩ ከሁለታችን በአንዳችን መከፈል አለበት።

እዚያው አቶ ሙላቱ ዘንድ ሄድኩ። "አሁን ደግሞ ለሰው ሂዱ" አልኳቸው።

"በአንድ ጾም አንድ ደጃፍ ሁለት ጊዜ አይረገጥም" አሉኝ። "ደግሞም ሴትዮዋ አክብራናለች። ቃሏን አጠፈች?"

"አላጠፈችም።"

"በቃ። ለካሰች እግዜር ሌላ ይሰጣታል።"

እግዜር የሰጣት እንደገና ክሪስታል ሲቲ ነው፤ ወገቧን ታጥቃ ቢሮ ትጠርጋለች። በሕማማት ሴቶቹ ፌስታላቸውን ይዘው በራችንን አንኳኩ። "ዘንድሮ የለም" አለቻቸው። አንዷ ደረጃው ላይ ሆና፣ እንድንሰማት ጮክ ብላ፣ "ለራሷ ደብቃው ነው፤ ጠገበች" አለች።

እኔ ከሥራ ስመለስ ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች።

"ቆሟል?"

"ቆሟል። ዙሪያውን ሰንሰለት አድርገውበታል። የወይዘሮ ፀዳለ ስም ያለበት ሰሌዳም ተክለዋል።"

"ውኃ ያጠጡታል?"

"ያጠጡታል።"

"እንግዲያ ተመስገን" ትላለች። አፏን በጥፊ ብላት ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን ካምፓኒዎቹ ምሳ ሲሄዱ ሰንሰለቱን ተሻግሬ ጭብጥ ሙሉ ቀነጠስኩና በሽርጤ ኪስ ይዤላት መጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ስዘረግፈው አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው። ከዚያ በመዳፏ ወደ እኔ ገፋችው።

"መልሺው" አለችኝ።

"የተቀነጠሰ ቅጠል የት ይመለሳል?"

"እንግዲያ አንቺ ጥመቂበት። እኔ አልነካውም። ሽማግሌ ገብቶበት በእግዜር ስም የተማለ ነገር አይሰረቅም።"

"የራስሽን!"

"የኔ ነው ብሎ የለመነልኝ የለም" አለችና እራቷን ልታሞቅ ተነሣች።

እኔ ጠላ መጥመቅ አልችልም። ቅጠሉ ጠረጴዛው ላይ ደርቆ በሳምንቱ ጠርጌ ጣልኩት።