ቀለሙን በምራቄ ስፈልግ

መጀመሪያ የተለወጠው የአፌ ጣዕም ነው። ጠዋት ስነሳ ሳንቲም ስጠባ ያደርኩ ይመስለኛል። ብጉመጠመጥ አይለቅም፣ ሎሚ ብመጥ አይለቅም። የጫኖ ሙዝ እንኳ ብረት ብረት አለኝ። ጥርሴ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ስለ ራሴ ማውራት ድሮም አይሆንልኝም።

ከዚያ ሆዴ ተከተለ። እምብርቴ ዙሪያ እንደ እርጥብ ልብስ ይጠመዘዛል፣ ይለቀኛል፣ ደግሞ ይጠመዘዛል። ሆድ ድርቀቱም በረታ። አርባ ምንጭ ቆላ ነው፤ እዚህ የታመመ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በወባ ነው። ክሊኒክ ሄጄ ደሜን አዩ። ወባ የለም። ታይፎይድ ነው ተብሎ ኪኒን ተሰጠኝ። አልሻል ሲለኝ አሜባ ተባለ። ኪኒኑ ተለወጠ፣ ቁርጠቱ ግን ያው ነው።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ከቀለምና ከብረት ጋር ለሚውሉ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም ይዟቸው ከክሊኒክ ክሊኒክ ለሚዞሩ ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ የሕክምናውን ቃላት ዶክተሯ እንደነገረችኝ አስቀምጣቸዋለሁ።

የተወለድኩት ዶርዜ ነው። በእኛ ዘንድ ወንድ ይሸምናል፣ ሴት ትፈትላለች። ፈታይ ክሩን የምታከረው ጣቷን በምላሷ እያረጠበች ነው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። እናቴ አጠገብ ስቀመጥ እጄ ራሱ ለመደው።

ሚሌኒየሙ ከተከበረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ወዳለው ታላቅ ወንድሜ፣ ወደ ጋሼ ዘለቀ ወረድኩ። ሞተር ብስክሌት የሚጠግንበት ጋራዥ አለው፤ እኔም እዚያ አግዘው ጀመር። ባጃጅ ከተማውን ሞልቶት የሞተር ሥራ በቀዘቀዘበት ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከአዲስ አበባ መጡ። የድሮ ሞተር ይሰበስባሉ። እኛ ኢንጂነሩ እንላቸዋለን። ወደ ጨንቻ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከሰው ጓሮ ዶሮ ሲያድርበት የኖረ የጀርመን ሞተር ገዝተው በፒክአፕ ጭነው አመጡት።

«ዘለቀ፣ አሳምርልኝ አላልኩህም» አሉት። «ከፋብሪካ እንደወጣ አድርግልኝ። ብሎኑም የራሱ፣ ቀለሙም የራሱ ይሁን።»

ችግሩ ቀለሙ ነበር። ሞተሩ በዕድሜው ብዙ ጊዜ ተቀብቷል። የፊተኛው ቀለሙ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብዬ ስፈገፍገው ሰማያዊው፣ ግራጫው፣ ክሬሙ እንደ ጥለት ተራ በተራ ይወጣሉ። ደረቅ ሲሆን ሁሉም አመድ ይመስላል፤ እውነተኛ መልኩን የሚያሳየው ሲረጥብ ነው። ስለዚህ አውራ ጣቴን በምላሴ አረጥባለሁ። ቀለሙን አሻለሁ። አያለሁ። ደግሞ አረጥባለሁ። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ነው።

ከሁሉም ሥር ብርቱካን መሳይ ቀይ አንቲረስት፣ ዝገት የሚከላከለው ቀለም፣ ነበር። ከእሱ በላይ የተኛውን ጥቁር አረንጓዴ፣ የፋብሪካውን ቀለም፣ ያገኘሁ ቀን ጋሼ ዘለቀ የጋራዡን ሰው ሁሉ ጠራ።

«ዓይን ማለት ይሄ ነው! ኑ እዩ!»

እንደዚያ ተመስግኜ አላውቅም። ኢንጂነሩም ደስ ብሏቸው ሌላ ሞተር ላኩ፣ ከዚያም ሌላ። የሁሉንም ቀለም የምፈልገው እኔ ሆንኩ።

አቧራው እንዳይጎዳኝ ጋሼ በየቀኑ ወተት ይገዛልኝ ነበር። ቀለም የሚቀባ ሰው ሁሉ ወተት ይጠጣል፤ መርዙን ያጥባል ይባላል። እኔም አቧራውን በጨርቅ ጠረግ አድርጌ፣ በዚያው እጄ ዳቦ ይዤ ወተቴን እጠጣለሁ። ወተቱ ስላለ አልፈራሁም።

ከጎናችን ጎሚስታ የሆነው ከማል ቀልደኛ ነው። አንድ ቀን ሁለተኛው ሞተር ተወልውሎ ፀሐይ ላይ ሲቆም እሱን አየ፣ እኔን አየ።

«ብርቄ፣ ይሄ ሞተር ወጣትነቱን ከማን ነው የሚወስደው? እሱ አዲስ በሆነ ቁጥር አንቺ እያረጀሽ ነው እኮ!»

ሁላችንም ሳቅን። ቤት ገብቼ መስታወት ሳይ ግን ሳቄ ጠፋ። ከንፈሬ ነጥቷል። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል። ጋሼን ቀና ብዬ «አሞኛል» ማለት ግን አቃተኝ። ሥራው በእኔ ዓይን ላይ ቆሟል።

አንድ ጠዋት የብርጭቆ ወረቀቱ ከእጄ ወደቀ። አነሳሁት። ወደቀ። ቀኝ እጄ ከአንጓው ታጥፎ ተንጠለጠለ። ላቃናው ሞከርኩ። አልቃና አለ። አያምም። ያስፈራኝ እሱ ነው። ምንም አያምም። በግራዬ ደግፌ አነሳሁትና ለቀቅኩት። እንደ ታረደ ዶሮ አንገት ወደቀ።

ያለ ቀኝ እጅ አልፈትልም። ቀለም ፈልጌ አላገኝም። ማንም ሳይረዳኝ ነጠላዬን እንኳ አላጣፋም። ያን ቀን ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው።

የወንድሜ ሚስት እትዬ አስቴር ጮኸች። «የሰው ዓይን ነው! በየሰው ፊት ስታሞግሳት እኮ ነው፣ አንተ ሰውዬ!» ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ። ሽማግሌው አንጓዬን በቅቤ እያሹ ዳሰሱት። ብዙ ቆዩ። «አጥንቷ ደህና ነው» አሉ። «ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም። ሐኪም ቤት ውሰዷት።»

ሳንሄድ ቁርጠቱ ቀደመን። ከተኛሁበት መነሳት አቃተኝ። ሆስፒታል በሰው ትከሻ ገባሁ። አንጀት ሳይታጠፍ አይቀርም ተባለ። ምግብም ውሃም ተከለከልኩ። ሆዴን ለመክፈት እየተዘጋጁ ነበር። እጄን ማንም አላየውም። አፍሬ ብርድ ልብሱ ሥር ደብቄዋለሁ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንድታየኝ የውስጥ ደዌ ሐኪም ተጠራች። ወጣት ናት። እጇን ዘርግታ ሰላም አለችኝ። በግራ መጨበጥ ነውር ስለሆነ ጣቴን አጥፌ አንጓዬን ሰጠኋት፤ ጋራዥ ውስጥ እጃችን ግራሶ ሲሆን እንደምናደርገው።

አንጓዬን ይዛ ቀረች። «እጅሽ ንጹሕ ነው እኮ። አንጓሽን ለምን ሰጠሽኝ?» ገልበጥ አድርጋ ያዘችውና ከሥሩ ስትለቀው ወደቀ። ፊቷ ተለወጠ። «ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ቤት ነው የምትውለው» አለ ጋሼ ዘለቀ። እህቱ ጋራዥ ትውላለች መባሉ በሰው ፊት ያሳፍረዋል።

«እሷን ነው የጠየቅኳት።»

የአልጋው ብረት ነጭ ቀለሙ ተላልጧል። የግራ አውራ ጣቴን በምላሴ አርጥቤ የተላጠውን ቦታ አሸሁት፣ ቀለሙን እንድታይም በዓይኔ አመለከትኳት። ጣቴን መልሼ ወደ አፌ ስወስድ አየር ላይ ያዘችኝ።

«ተይ!» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እንዲህ የምታደርጊው ስንቴ ነው?»

«ቀኑን ሙሉ።»

ከንፈሬን ገልጣ በእጅ ባትሪ አየች። በድዴ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ ጥቁር መስመር ነበር። ደሜን በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ቀይ የደም ሕዋሶቹ ነጠብጣብ ይዘዋል፤ ቤዞፊሊክ ስቲፕሊንግ ይባላል። ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ አልጠበቀችም። ቀዶ ሕክምናው እንዲቀር አስደረገች።

«ሌድ ፖይዝኒንግ ነው፣ የእርሳስ መመረዝ» አለችን። «እርሳስ ከባድ ብረት ነው፣ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው። የድሮ ቀለም ውስጥ አለ፤ ቀዩ አንቲረስት ውስጥ ደግሞ በብዛት። ቁርጠቱም፣ ደም ማነሱም፣ እጇም አንድ በሽታ ናቸው። የእጇ መንጠልጠል ሪስት ድሮፕ ይባላል።»

«ወተት ትጠጣለች እኮ!» አለ ጋሼ ዘለቀ። «አንድ ቀን አላጓደልኩባትም!»

«ወተት አያድንም፣ ወንድሜ። እጇን በሳሙና ብታስታጥባት ይሻል ነበር።»

ወንድሜ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«እጄ ይመለሳል?» አልኳት። ሆስፒታል ውስጥ ሳልጠየቅ የተናገርኩት ያኔ ብቻ ነው።

«ነርቩ ተጎድቷል። እንሞክራለን። ቃል ግን አልገባልሽም።»

እርሳሱን ከደሜ የሚያስወጣው መድኃኒት ፔኒሲላሚን ይባላል። ከተማው ውስጥ የለም። እንደ አጋጣሚ ኢንጂነሩ ሞተራቸውን ሊያዩ መጥተው ኖሮ ጋሼን ፍለጋ ሆስፒታል ድረስ መጡ። በመስኮት እሰማቸዋለሁ።

«ቀለሙ የት ደረሰ፣ ዘለቀ?»

«ቀለሙ እህቴ ደም ውስጥ ነው፣ ጋሽ ኢንጂነር።»

የኢንጂነሩ ከዘራ ወለሉን እየመታ ወደ ዶክተሯ ክፍል ሲሄድ ሰማሁ። መድኃኒቱን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የላኩልኝ እሳቸው ናቸው። ስለ ሞተሩ ደግመው አልጠየቁም።

ቁርጠቱ ቀስ በቀስ እየላላ፣ የምግብ ጣዕምም በትንሽ በትንሹ እየተመለሰ ሄደ፤ እናቴም ከዶርዜ ወርዳ አጠገቤ ተቀምጣ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለ የበቆሎ ዱቄት ድብልብል፣ ኩርኩፋ፣ በገዛ እጇ ታጎርሰኝ ነበር። እጄን ቀና አድርጎ የሚይዝ ስፕሊንት ታሰረልኝ፤ እናቴ እሱን ስታይ «የእኔ ልጅ፣ ገና ሳትዳሪ አምባር አጠለቁልሽ!» ብላ ሳቀችና ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ፊዚዮቴራፒስቱ ባሳየን መንገድ፣ ክንዴን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያነሳች ትለቃለች፣ እኔም እያንዳንዱን ለመያዝ እታገላለሁ፤ ሳምንታት አለፉ፣ ምንም የለም፣ ሁለታችንም ስለ እጄ ማውራት አቆምን። ከዚያ አንድ ቀን የመሐል ጣቴን ስትለቀው የክር ውፍረት ያህል ከጠረጴዛው ከፍ ብሎ ቆየ። እናቴ ትንፋሿን ያዘች። ጣቴ ወረደ። «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት።

ዶክተሯ የቤቱን ሰው ሁሉ አስመጥታ መረመረች፤ የወንድሜ ልጆች ደህና ነበሩ፣ ጋሼ ራሱ ግን ትንሽ ደም ማነስ ተገኘበት። ጋራዡን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ አጠበው፤ ዛሬ ቀለም በደረቁ አይፈገፈግም፣ የሥራ ልብስም ወደ ቤት አይገባም። እኔ የድሮ ቀለም መንካት ተከልክያለሁ። ጓንትና ማስክ አድርጎ ጋሼ ራሱ ይፈገፍጋል፣ ቦታውን በውሃ ያረጥብና ይጠራኛል፤ እኔም በሩ ላይ ቆሜ የትኛው የፋብሪካው ቀለም እንደሆነ እነግረዋለሁ።

እጄ ተመልሷል። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም፤ ሲደክመኝ የቀለበት ጣቴ ይወርዳል። እፈትላለሁ፣ ጣቴን የማረጥበው ግን ከጎኔ ካለው ውሃ ነው።

ያቺን ዶክተር እግዚአብሔር ይስጣት። ወጌሻውንም አመሰግናለሁ፤ የማያውቁትን አውቃለሁ ቢሉ ኖሮ እዚያው እሰነብት ነበር። ኢንጂነሩንም፣ እናቴንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ዘለቀ ወተቱን የገዛልኝ በፍቅር ነው፤ ይህን እዚህ መጻፍ የፈለግኩት እስከ ዛሬ ራሱን ስለሚወቅስ ነው።

ከቀለም፣ ከባትሪ፣ ከብየዳ ጋር የምትውሉ፣ ሳትታጠቡ እጃችሁን ወደ አፋችሁ አትውሰዱ። ወተቱን ጠጡት፣ ምግብ ነው፤ ግን አትመኩበት። ኪኒን ተለዋውጦ ካልተሻላችሁ፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም እጃችሁ ምን ሲሠራ እንደሚውል ንገሩት። የምታፍሩ ከሆነ እንደ እኔ አሳዩት።

ከሆስፒታል ስወጣ ዶክተሯ አንድ ነገር ነግራኛለች። እርሳሱ ከደም ቢወጣም አጥንት ውስጥ ይቀመጣል፤ ሴት ስታረግዝ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ልጁ ሊያልፍ ይችላል። «ከማርገዝሽ በፊት እኔ ጋ ነይ» አለችኝ። ዘንድሮ ቤታችን ሽማግሌ ሊልክ የሚፈልግ ልጅ አለ። ማንም ንገሪው አላለኝም። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ መንገድ ላይ አስቆምኩትና አጥንቴ ውስጥ ያለውን ነገርኩት። እሱም ዶክተሯ የት እንደምትገኝ ጠየቀኝ።