ያልተበሳችው መኪና

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ውስጥ፣ ጎማ የሚጠግኑ ልጆች ደጃፍ ላይ ታክሲ ስጠብቅ ፀሐይ ያሞቀው የላስቲክ ሽታ መጣብኝ። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ ልጄ፣ አንቺም ብትሆኚ ትሸሺው ነበር። እኔ ግን ታክሲው መጥቶ ሲሄድ እንኳ ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም። የቢቸናው ግቢያችን፣ የወንድሜ መኪና፣ ከወይራው ሥር ተንበርክኮ ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ የሚቆርጥ ሰው፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡብኝ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ሊያበቃ አካባቢ ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ተምሬ ተመልሼ፣ ቢቸና ትምህርት ቤት ሕፃናት ማስተማር የጀመርኩበት ዓመት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከቢቸና ሞጣ ሰው የሚያመላልስባት አረንጓዴ ጂፕ ነበረችው። ያን ጊዜ መንገዱ የበጋ መንገድ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ይውጠውና ሰው ወደ በቅሎው ይመለሳል። በበጋ ግን የወንድሜ ክላክስ ከሩቅ ሲሰማ እናቴ ገና መኪናዋ ሳትታይ የእግር ውሃ ታሞቅ ነበር። እሱ ግን ከመንገድ ሲገባ መጀመሪያ የሚያጥበው መኪናዋን ነው። አቧራዋን በእርጥብ ጨርቅ እየጠራረገ ያናግራታል እያልን እንስቅበት ነበር።

በመጨረሻው የአዲስ አበባ ጉዞው ለመኪና የሚሆን ሬዲዮ ከነአንቴናው ገዝቶ መጣ። ካርቶኑን እናቴ ፊት ከፍቶ አሳያትና፣ ይህን ገጥሜ ለጊዮርጊስ በዓል ሞጣ እወስድሻለሁ፣ እየሰማሽ ትሄጃለሽ አላት። እናቴ መኪና ትፈራለች፤ ተሳፍራባትም አታውቅም። ለእሱ ብላ እሺ አለችው። ሆኖም ከዚያ ጉዞ ሲመለስ ዓባይ በረሃ ውስጥ መኪናዋ ተበላሽታበት አድሮ ነበር። ወባ እዚያ እንደነደፈችው የገባን ትኩሳቱ ከጣለው በኋላ ነው። ሬዲዮው ከካርቶኑ ሳይወጣ እሱ ተቀበረ።

መኪናዋን ከዚያ በኋላ የያዘው ጓደኛው ነው። የሞጣ ልጅ ነበር፤ እናቱ እሱን ስትወልድ ሞታበት አጎቱ ያሳደገው። ከወንድሜ ጋር በረዳትነት ጀምሮ፣ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ተራ በተራ ይነዱ ነበር። አሁን ብቻውን ይነዳና፣ አመሻሽ ላይ ቁልፉን አምጥቶ ለእናቴ በሁለት እጁ ያስረክባል። እሷ ተቀብላ ትራሷ ሥር ታደርገዋለች። ከሐዘኑ ወዲህ እህል በግድ ነበር የምትቀምሰው። ለቅሶዋም አልወጣላትም፤ በቀብሩ ዕለት እንኳ ደርቃ ነበር የቆመችው።

የጊዮርጊስ በዓል ሲቃረብ፣ ጓደኛው አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጥቶ እናቴን ለመናት። ሬዲዮውን ልግጠመውና እሱ እንዳሰበው ሞጣ ላድርስዎት አላት። እናቴ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ሬዲዮው ከመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ፣ በክሩስኮቱ ሥር በቀላሉ ይታሰር ነበር፤ አንቴናው ግን ውጭ ነው የሚቆም። ለእሱ ደግሞ ከኮፈኑ ጎን ያለው ቆርቆሮ መበሳት አለበት። መሰርሰሪያ ተውሶ መጥቶ ቦታውን በእርሳስ ምልክት ሲያደርግ እናቴ ከበሩ ላይ አየችው።

«የልጄን መኪና አትብሳብኝ» አለችው። «እሱ ጭረት እንኳ አያስነካትም ነበር።»

አልተከራከራትም። የእርሳሱን ምልክት በአውራ ጣቱ አጠፋ፣ መሰርሰሪያውንም መለሰ። ከዚያ መኪናዋን እየዞረ፣ ቀድሞውኑ ወጣ ብሎ የተሠራ ብረት ይፈልግ ጀመር። በመጨረሻ በሾፌሩ በኩል ያለውን የስፖኪዮ ክንድ መረጠ። ቁራጭ ብረት አጥፎ እንደ ቀለበት አደረገው፤ ቀለሙን እንዳይፍቀው ላስቲክ ቆርጦ ከውስጥ አለበሰው፤ አንቴናውን በዚያ ላይ በብሎን አጠበቀው። ገመዱን በበሩ ጠርዝ ላስቲክ ሥር አሹልኮ አስገባው። እኔ አንቴናውን ቀጥ አድርጌ ይዤለት ነበር። የሞቀ ላስቲክ፣ ቤንዚን፣ የወይራ ቅጠል፣ ሽታው ሁሉ አንድ ላይ ነበር።

ሬዲዮውን ሲከፍተው ግን ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ይመስል ሽ ከማለት በቀር ምንም አላወጣ። ላስቲኩ አንቴናውን ከመኪናዋ አካል ለይቶታል፣ የገመዱ ውጫዊ ሽቦ ብረቷን መንካት አለበት አለኝ። ለዚህም ቢሆን ቀዳዳ አላስፈለገውም። ክሩስኮቱ ሥር ከድሮም ከነበሩት ብሎኖች አንዱን ፈታ፣ ሽቦውን ጠምጥሞበት መልሶ አጠበቀው። አሁን የሰው ድምፅ መጣ። አዲስ አበባ ያለ ሰው እኛ ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚያወራ ይመስል ነበር። እናቴ ከቤት አልወጣችም፤ ከጓዳ ይሰማ የነበረው የዕቃ ኮሽታ ግን ጸጥ አለ።

እሱ የአንቴናውን ብሎን ደግሞ ሊያጠብቅ መጣና፣ ቀና ሳይል፣ «ክረምት ሳይገባ ሽማግሌ ልልክ አስቤያለሁ። ምን ትያለሽ?» አለኝ።

እጄን ከአንቴናው ላይ አላነሣሁም፤ ብሎኑ ግን ከጠበቀ ቆይቷል። እሱም አይቶ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ለበዓሉ ማለዳ ተነሣን። እናቴ ከፊት ከእሱ አጠገብ፣ እኔ ከኋላ። በግራችን ጮቄ ደመና ለብሷል፤ የታረሰው ማሳ ገና የሌሊቱን እርጥበት ይሸታል። ሬዲዮው ቁልቁለት ስንወርድ ይጠፋል፣ አቀበት ስንወጣ ይመለሳል። ደብረ ወርቅን አልፈን አንድ ከፍታ ላይ ስንደርስ ማሲንቆ መጣ፣ ጥርት ብሎ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከዚያ በቀብሩ ዕለት ያላለቀሰችውን ለቅሶ አለቀሰች፤ የወንድሜን ስም እየጠራች፣ ደረቷን እየመታች። እሱ መኪናዋን አቁሞ ሬዲዮውን ሊዘጋ ሲል እጁን ያዘችው።

«ተወው፤ እሱ ያሰማኝ ነው» አለች።

ማሲንቆው እስኪያበቃ ቆምን። ፊቷን ጠርጋ ስትጨርስ፣ ረሃብ እንደተሰማት ነገረችን። እሱና እኔ በመስተዋቱ ውስጥ ተያየን። ከስንት ወር በኋላ መሆኑ ነው! ከጉዞው አገልግል ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋት፤ ግንደወይን እስክንደርስ እየበላች ሄደች።

ሞጣ ደርሰን፣ በዓሉ ካበቃ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ዛፍ ሥር ለበዓሉ ከመጡት ከንስሐ አባቷ ጋር ተቀመጠች። እዚያ ጠራችው። እናት የለህም፣ እኔም ወንድ ልጅ አጥቻለሁ፤ የጡት ልጄ ሁን አለችው።

ለእናንተ ይህ ተረት ነው። ያን ጊዜ ግን ማር የተቀባ ጣት የጠባ ሰው ከማሕፀን ከወጣ ልጅ አይለይም። የጡት እናቱ ልጅ እህቱ ናት። እህት ደግሞ አትታጭም።

እሱ ጥቂት ልውጣ ብሎ በቅጥሩ በር አጠገብ መኪናዋ ወደቆመችበት መጣ። እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ልበላቸው?» አለኝ። ቆይቶም፣ «እናቴ ብዬ ሰው ጠርቼ አላውቅም። ግን ተው ካልሽኝ አሁኑኑ ገብቼ የኛን ነገር እነግራቸዋለሁ።»

በቅጥሩ በር ወደ ውስጥ አየሁ። እናቴ ከንስሐ አባቷ ጋር እያወራች ነበር፤ ከእጇ ያለውን ዳቦ ቆርሳ ለእሳቸው ስታቀርብ፣ ለራሷም ስትጎርስ አየኋት። ደግማ ከምትደርቅ እኔ ልድረቅ አልኩ በልቤ።

«እሺ በላት» አልኩት።

ከዚያ ጫማውን ከበሩ አውልቆ ገባ።

ቢቸና ተመልሰን ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት ሥርዓቱ ተፈጸመ። እናቴ አውራ ጣቷን ማር አስነክታ ሰጠችው፤ ተንበርክኮ ጠባ። የማሩን ሳሕን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። «እናቴ» ሲላት ድምፁ ተሰበረ። ስንቱን ነገር አንድ ላይ እንዳለቀሰ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። እናቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳነች።

እንግዲህ አንቺ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ አጎቴ የምትይው ሰው እሱ ነው። ሲያገባ እህቱ ሆኜ እልል አልኩለት። እኔም አባትሽን አገባሁ። አባትሽ ደግ ሰው ነበር፤ ይህን የምነግርሽ እሱን ላሳንስ አይደለም።

እናቴ አርጅታ፣ ዕድሜ ጠግባ ነው የሞተች። እሱ ራሱን ተላጭቶ፣ እኔም ከል ለብሼ፣ ሐዘን ቤቱ ውስጥ አንድ ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከደጀን በኩል የመጡ፣ እኛን የማያውቁ አንዲት አሮጊት እግዜር ያጥናችሁ ብለው ሁለታችንንም ትክ ብለው አዩን።

«እንዴት ነው የምትመሳሰሉት ልጆቼ» አሉ። «አንድ ማሕፀን አይደበቅም።»

«አዎ፤ እህቴ ናት» አላቸው።

ድምፁ አልተለወጠም። እኔም ዞሬ አላየሁትም። የጋቢውን ጫፍ ግን ሳብ አድርጎ ትከሻዬ ላይ ደረበልኝ፤ እስኪመሽ ድረስ እንደዚያው ተቀምጠን ለቀስተኛ ተቀበልን።