የስድስት ወር ባል

ቦንጋ ውስጥ የማቀዝቀዣ ባለሙያ ሆኖ መኖር ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሐምሌ ላይ ደጅ ወጥቶ መቆም ይበቃል። ዝናቡ አያባራም፣ ጉሙ እስከ ረፋድ አይነሣም፣ ሰዉ ሹራብ ደርቦ ነው የሚውለው። በዚህ ላይ ቀዝቃዛ ቢራ የሚያምረው ማን ነው? ሣህሌ ግን ጅማ ሄዶ የተማረው ይህንኑ ሙያ ነውና ምን ያድርግ፤ የግሮሰሪውን፣ የሥጋ ቤቱን፣ የመድኃኒት ቤቱን ፍሪጅ እየጠገነ ይኖር ነበር። በጋ ላይ ከአጎራባቾቹ ከተሞች፣ ከዋጫም ከደካም፣ ይደውሉለታል። ክረምት ሲገባ ስልኩ ዝም ይላል።

ሚስቱ አብርሆት በዞን መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ የሆዷን የማትደብቅ ሴት። ሣህሌ አረብ አገር ልሂድ ባለ ጊዜ ደላላው ያመጣለት የሁለት ዓመት ውል ነበር። አብርሆት አንብባ እንኳ አልጨረሰችውም። ታላቅ እህቷ ለሁለት ዓመት ብላ ቤሩት ሄዳ በዚያው ቀርታለች፤ ልጇ ያደገው አያቱን እናቴ እያለ ነው።

«ስድስት ወር እችላለሁ» አለችው። «ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ባል የለኝም ማለት ነው። ቁርጡን ልንገርህ።»

«የስድስት ወር ሥራ ደግሞ የት አለ?»

«እኔ እፈልገዋለሁ።»

ፈለገችውም። መሥሪያ ቤቱ ምሳ ሲወጣ እሷ ኮምፒውተሩ ላይ ትቀራለች። ያ ሁሉ የአረብ አገር የበረሃ ከተማ ሙቀቱ ሲከር ኤሲው፣ የቤት ማቀዝቀዣው፣ በአንዴ ይበላሽበታል፤ ድርጅቶቹ ያኔ ለሙቀቱ ወራት ብቻ፣ ከሚያዝያ እስከ መስከረም፣ ቴክኒሻን ይቀጥራሉ፤ ቪዛውን ራሳቸው ያወጣሉ፤ ሙቀቱ በረድ ሲል ወደ አገሩ ይመልሱታል፤ ሥራው የተወደደለትን በዓመቱ መልሰው ይጠሩታል። ይህን ስታነብ አብርሆት ለእሷ ተብሎ የተጻፈ መሰላት። የሣህሌ የጅማ የትምህርት ጓደኛ ሰሚር እንዲህ ካለው ድርጅት በአንዱ ዱባይ ይሠራ ነበርና ስሙን አቀበለለት።

የቀረው ፈተናው ነበር። ኤሲ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ጋዝ ሲሞላ በስልክ ቪዲዮ ያሳይ ተባለ። በል እንግዲህ፣ ቦንጋ ላይ ኤሲ ፈልግ። ሰዉ ብርድ ልብስ በሚደርብበት አገር ኤሲ የሚሰቅል ማን አለ? ዞረው ዞረው ያገኙት በአንድ ባንክ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ያለውን ነው። ሥራ አስኪያጁ በነጻ ይታጠብልኝ እንጂ ቅር አይለኝም አሉ። አብርሆት ስልኩን ይዛ ቆመች፣ ሣህሌ መሰላል ላይ ወጣ። ፈታኙ እስኪጨርስ ዝም ብሎ አይቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ ሰውየው ሹራብ ለብሶ ነው እንዴ ኤሲ የሚሠራው አለ። ቪዛው ከፋሲካ በፊት ደረሰ።

ሽኝቱ የሚያኮራ ነበር። የሠፈሩ ዕድር ዳኛ ጋሽ ገብረ ሥላሴ ቆመው «ያሰብከውን አሳክቶ፣ በሀብት በጤና ይመልስህ» ብለው መረቁት። መቼ እንደሚመልሰው የጠየቀ የለም። አብርሆት ስድስት ወር ነው፣ ስድስት ወር ነው እያለች ለሁሉም ተናግራለች፤ ሰዉ ግን የሚስት መጽናኛ ነው ብሎ አለፈው።

መስቀል በዋለ ሰሞን ሣህሌ በጠራራ ፀሐይ ከባጃጅ ወረደ። ጠቁሯል፣ ከስቷል። ሁለት ሻንጣ ይዞ ሄዶ በአንድ ነው የተመለሰው፤ የሥራ ዕቃውን እዚያው ትቶታል፣ በሚያዝያ ተመላሽ ነዋ። ሠፈሩ ግን ያየው አንዷን ሻንጣ ነው። በማግሥቱ ጋሽ ገብረ ሥላሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡና ጥግ ይዘው ተቀመጡ።

«አይዞህ» አሉት። «ዋናው ነፍስህ መትረፏ ነው። ሀብት የትም ይገኛል።»

«ጋሼ፣ ውሌ አልቆ ነው እኮ የመጣሁት። በሚያዝያ ይጠሩኛል።»

«እሱማ ይጠሩሃል» አሉ ጋሽ ገብረ ሥላሴ፣ ታማሚ በሚያባብሉበት ድምፅ።

ጎረቤታቸው እትዬ በዛወርቅ ቆጮና ጎመን ይዘው መጡ። «ብላ የኔ ልጅ፣ እስር ቤት ምን ይበላል» አሉት። አብርሆት ጓዳ ገብታ በሳቅ ሞተች። አረብ አገር ሄዶ በስድስት ወሩ የሚመለስ ዲፖርት የሆነ፣ ተይዞ የተባረረ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላ ዓይነት አመላለስ ሠፈሩ አያውቅም።

የዚያን ዓመት በጋ አብርሆት ደስ ብሏት ነበር። ይህን መናገር ምን ያሳፍራል፤ በጣም ደስ ብሏት ነበር። አባቷ ዘንድ ዋጫ ሄደው ቡና አብረው ለቀሙ። ሣህሌ የሚያፈሰውን ጣሪያ ደፈነ፣ ልጃቸውን ሄርሜላን እጇን ይዞ ትምህርት ቤት አደረሰ። ባል ማግባት ለዚሁ አልነበረም እንዴ። ብቻ ከቤት ሲወጣ ወጣቶቹ «በምን ያዙህ?» ይሉታል፤ እንደ ድሮው ፍሪጅ ጥገን ብሎ የሚደውልለትም ሰው ቀነሰ። ደህና ባለሙያ ቢሆን ያባርሩት ነበር ወይ?

በሚያዝያ እንዳለውም ጠሩት። ሄደ። ሽኝት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰዉ ገዱ እንዳይበላሽ ብሎ ነው መሰል ዝም አለ። በመስቀል ተመለሰ። አሁን ነገሩ ባሰ። አንዴ የተባረረ ሰው ይታዘንለታል፣ ሁለቴ የተባረረ ግን ይመረመራል። ይጠጣል አሉ፣ እጁ አመለኛ ነው አሉ። እትዬ በዛወርቅ አዝነው ጸበል ውሰጂው እንጂ አሏት። አብርሆት ውሉን አውጥታ አሳየቻቸው፤ እሳቸውም እያገላበጡ አይተው ወረቀትማ ሁሉም አለው አሉ።

በዚያው መመለሻ ላይ አብርሆት የሠራችው አንድ ሥራ ነበር። ጅማ ደርሻለሁ ብሎ ሲደውልላት፣ ያ ሁሉ አጽናኝ ደግሞ ሊመጣብኝ ነው ብላ መረራትና፣ «እዚያው ትንሽ ቆይተህ ሲመሽ ብትገባ ይሻላል» አለችው። «እሺ» አላት። ሲመሽ ገባ፣ ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ። ስለዚህ ነገር አልተነጋገሩበትም። በዚያ በጋ ሣህሌ ዋጫ ለቡና ለቀማ አልሄደም፤ ብዙውን ጊዜ ቤት ይውል ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፣ መስከረም መግቢያ ላይ ደወለላት። ድርጅቱ ሥራውን ወዶለታል፤ ክረምት ከበጋ የሚሠራ ቋሚ ቦታ ሊሰጡት ነው፤ የዕረፍት ፈቃድ በየሁለት ዓመቱ፤ ቤተሰብ ማምጣት ግን አይቻልም።

«አይሆንም በላቸው» አለችው።

ሣህሌ የሚከፍሉትን ደሞዝ ነገራት።

«ሣህሌ፣ ስድስት ወር ተባብለን አልነበር? ና ወደ ቤትህ።»

«ምን ብዬ ልምጣ?»

«ቤቴ መጣሁ ብለህ።»

«በቀን ነው ሲመሽ?»

ተናዶ አልነበረም የጠየቃት፤ ክፋትም የለበትም። እንደ ማንኛውም የመንገድ ጉዳይ ነው የጠየቃት። አብርሆት በቀን ና፣ በጠራራው ና፣ መናኸሪያ ድረስ ወጥቼ እቀበልሃለሁ ልትል አፏን ከፈተች። እንባዋ ቀደማት። መስመሩ ተቋረጠ፤ በማግሥቱ መልሶ ሲደውልላት ሣህሌ ፈርሞ ነበር።

መስቀል አለፈ። ጥቅምት ገባ። ሠፈሩ የመናኸሪያውን መንገድ ሲያይ ሰንብቶ አንድ ቀን ነገሩ ገባው። እትዬ በዛወርቅ ዳቦ ጋግረው፣ ጋሽ ገብረ ሥላሴ ደህና ኮታቸውን ለብሰው፣ ከኋላቸው የዕድሩን ሰው አስከትለው መጡ። አብርሆት ወንበር አልበቃ ብሏት አግዳሚውን ከደጅ አስገባች።

«ዘንድሮ አይመጣም የሚባለው እውነት ነው?» አሉ እትዬ በዛወርቅ ገና ሳይቀመጡ።

«እውነት ነው። አይመጣም።»

«ተመስገን፣ አምላኬ» አሉና እልል አሉ። ከእሳቸው ጋር የመጡት ሴቶች ተቀበሏቸው። ጋሽ ገብረ ሥላሴ ድሮም አውቀው ነበር፤ ይህ ልጅ አንድ ቀን ይሳካለታል ብለው ተናግረው ነበር። ሰዉ አንድ በአንድ እየተነሣ አብርሆትን ሳማት።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አሏት።

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አለች አብርሆት፤ ዳቦውንም ተቀብላ ቆረሰችላቸው።