ጉዞ የመሰለን ዘፈን

እናቴ ጌታን ከተቀበለች ወዲህ ሠርግ ላይ እንኳ ትከሻዋን ነቅንቃ አታውቅም። ከበሮው ሞቅ ካለ ውሃ ልጠጣ ብላ ትወጣለች።

ያኔ በስደት በምንኖርበት ከተማ ዳር፣ ቡሪየን በሚባል ቦታ፣ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት እሠራ ነበር። አብራኝ የምትሠራው ጃማይካዊት ቀኑን ሙሉ የአገሯን ዘፈን ትከፍታለች፤ እኔም አንዱን ወድጄው ስልኬ ላይ ጫንኩት። አንድ እሑድ እናቴን ከምትኖርበት ሰፈር ከሌክ ሲቲ ወደ ቸርች ስወስዳት ዘፈኑ መኪናው ውስጥ በራሱ ጀመረ። ላጠፋው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ቆዪ እስቲ፣ ጉዞ ነው እኮ የሚለው» አለች።

እውነትም ዘፋኙ «ጉዙ፣ ጉዙ» ይላል። ወደ ሰማይ ስለሚደረግ ጉዞ የሚዘምር መሰላት፤ እኔም ብሆን ከዚያ የተሻለ ትርጉም አልነበረኝም። መንገዳችን ላይ ያለውን ድልድይ ስንሻገር ትከሻዋ ቀስ እያለ መንቀሳቀስ ጀመረ። ደስታዬን የምደብቅበት ጠፋኝ።

ከዚያ በኋላ እሑድ በመጣ ቁጥር ራሷ «ጉዞን ክፈቺው» ትለኝ ነበር። እነዚያ ጠዋቶች እስከ ዛሬ ይናፍቁኛል፤ ዝናቡ፣ ጉም የለበሰው መስኮት፣ ከትከሻዋ የሚንሸራተተው ነጠላ።

ትርጉሙን የነገረችኝ ያችው ጃማይካዊት ናት። ጉዙ በእነሱ አነጋገር መተት ነው፤ ዘፈኑም የተደገመበት ሰው ስሞታ ነው። ጉዞ መስሎን እንደነበር ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ለእናቴ ብነግራት ያ ትከሻ ዳግመኛ አይነቃነቅም፤ ብደብቃት ደግሞ ዕድሜ ልኳን የምትሸሸውን ነገር በገዛ እጄ እየጋበዝኳት ነው። ፈሪ ነኝና ወራት ሙሉ ዝም አልኩ።

አንድ እሑድ ግን ግጥሙን አጽፊልኝ፣ ተርጉመነው ለሴቶች ኅብረት እንዘምረዋለን አለችኝ። ከዚህ ወዲያ መሸሻ አልነበረኝም። ማውንት ቤከር በሚባለው ሰፈር፣ ቸርቹ አጠገብ ፓርክ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳትና ይቅርታ ጠየቅኳት።

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

«ቃሉን አላውቅም ነበር» አለች። «ምቱን ግን የመጀመሪያ ቀን ነው ያወቅኩት። እናቴን ዛሯ ሲይዛት እንዲህ ነበር የሚመታላት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እናቴ ናፍቃኝ ነዋ።»

ከዚያ ዘፈኑን ከስልኬ ላይ እንዳጠፋው አዘዘችኝ፤ ሳጠፋው ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።