ጎማው ወዴት ዞረ

ባለፈው ሳምንት ምሳዬን በልቼ ጋደም እንዳልሁ ከደጃፌ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። በምኖርበት በባሕር ዳሩ ሹም አቦ ሰፈር የመዶሻ ድምፅ ብርቅ አይደለም፤ አንዱ ቤት ሲያድስ ሌላው አጥር ሲያጥር ይውላል። ይኼኛው ግን በጀርባው ተንጋሎ ከታች ወደ ላይ የሚመታ ሰው ምት ነበር፤ ጉልበት የሌለው ግን የማያቋርጥ። ብወጣ የጎረቤቴ ልጅ መኪናውን አቁሞ ሁለት መካኒኮች ከሥሩ ገብተዋል። “ምን ሆነ?” አልሁ። “ትራንስፈሩ አልወርድ አለ፣ አባባ” አለኝ አንደኛው፣ እግሩ ብቻ እየታየኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቁጢጥ ብዬ ያልተጠየቅሁትን ምክር አዘንብባቸው ነበር፤ ያረጀ ሹፌር አፉን መያዝ አይሆንለትም። ያን ቀን ግን ተመልሼ ገባሁና መስኮቱን ዘጋሁ። የጣና ዳሯ ቁንዝላ ትዝ አለችኝ።

ጓደኛዬ ሙሉቀንና እኔ በወጣትነታችን አሮጌ ጂፕ ነበረን። እሱም አንድ፣ እኔም አንድ፤ መልካቸውም ዕድሜያቸውም አንድ የሆነ፣ መሥሪያ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ጂፖች። ከቁንዝላ ባሕር ዳር ሰው፣ ዳጉሳ፣ በርበሬ፣ አንዳንዴም በቃሬዛ የመጣ በሽተኛ እንጭን ነበር። የዚያን ጊዜውን መንገድ ዛሬ ብነግራችሁ አይገባችሁም። በበጋ አቧራው ጥርስ ላይ ይንቋቋል፤ በክረምት ጭቃው ጎማ ይውጣል። አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና የሌለው ሰው መስከረም እስኪጠባ ቤቱ መቀመጥ ነበረበት። ሙሉቀን መንገዱ ሲብስ ደስ የሚለው ሰው ነበር። እኔ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ፊቴ ሲጠቁር እያየ ይስቅብኛል፤ ከዚያ ወርዶ ይገፋልኛል። ወንድም የለኝም፤ ወንድሜ የምለው እሱን ነበር።

አንድ የሚያዝያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጭቃ የያዘውን የአንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ በጂፑ ጎትቶ አወጣ። ከዚያ አራቱንም ጎማ እንዳስያዘ ድንጋያማውን ዳገት ወጣና በጠባቡ በር ታጥፎ ግቢያቸው ገባ። ማርሹን ወደ ሁለት ጎማ ሊመልሰው ቢሞክር ዘንጉ ንቅንቅ አልል አለው። ለእናቱ “ስመለስ አላቅቀዋለሁ” ብሎ ማዶ የቀረ መረብ ሊያመጣ በታንኳ ወጣ። ጣና ከሰዓት በኋላ እንደማይታመን የሐይቁ ዳር ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ እሱም ያውቅ ነበር። ነፋሱ ተነሣ። ማዕበሉ ሲበርድ ታንኳውን ባዶውን አገኘነው። ብዙ ፈለግን፤ አስከሬኑን ግን አላገኘንም።

እናቱ እትየ ጥሩነሽ የቄስ ሚስት ነበሩ። ባላቸው ቀድመው ሞተዋል፤ ከሙሉቀን ሌላ ልጅም አልነበራቸው። እሳቸው ሞተ የሚለውን ቃል አልቀበልም አሉ። አላለቀሱም። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አላዘቀዘቁም፤ ጥለቱ እንደ ደህናው ጊዜ ወደ ታች እንደሆነ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም ይሄዳሉ። የንስሐ አባታቸው ፍትሐት ይደረግለት ብለው ቢለምኗቸው፣ “ያልቀበርሁትን፣ አባቴ? ማንን ነው የሚፈቱልኝ?” ብለው መለሷቸው። ስለዚህ ፍትሐት የለም፤ ሰባቱም አርባውም ዝም ተብሎ አለፈ። ዓመቱ ሲቃረብ ሰው ይንሾካሾክ ጀመር፤ ልጁ ያለ ጸሎት ቀረ፣ እናትዮዋም ዕንባዋ እዚያው ውስጧ ደርቆ ሊገድላት ነው ይባል ነበር። እኔ በሄድሁ ቁጥር የማገኛቸው የጂፑን መስተዋት በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውሉ ነው። ውስጡን ግን ማንም እንዲነካ አይፈቅዱም። ማርሹ ሙሉቀን እንደተወው ነበር።

በዚያው ሰሞን የእኔ ጂፕ ትራንስፈሩ ተበላሸ። ትራንስፈር ከካምቢዮው ጀርባ የተገጠመ ከባድ የብረት ሳጥን ነው፤ የሞተሩን ጉልበት ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው እሱ ነው። የእኔው ውስጡ ጥርሱ ረግፎ ነበር። ባሕር ዳር ያለውን ጋራዥ ሁሉ ብጠይቅ መለዋወጫ ጠፋ፤ ክረምቱ ደግሞ ደርሷል። እንዲህ ያለ ሳጥን ያለው የሙሉቀን ጂፕ ብቻ ነው። እኔ ግን ያንን አፌን ሞልቼ የምጠይቅበት ፊት አልነበረኝም። ሰው ነግሯቸው ኖሮ እትየ ጥሩነሽ ራሳቸው አስጠሩኝ።

“ቁሞ ከሚዝግ ያንተን መኪና ያስኪደው” አሉኝ። “የታመመ ሰው በክረምት በምን ይሄዳል? ሙሉቀን ሲመጣ ትመልስለታለህ።”

“እሽ፣ እትየ” አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

ከባሕር ዳር ጌታነህን ይዤ መጣሁ። ጌታነህ የድሬዳዋ ሰው ነው፤ ለፋብሪካ ሥራ መጥቶ እዚያው የቀረ መካኒክ። ማባበል የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። መኪናውን አምኖ ለሚያመጣለት ሰው፣ “ይሄ ሞቷል፤ ለቆርቆሮ ሽጠው” ይልና እጁን ይታጠባል። በዚህ ጠባዩ ብዙ ደንበኛ ሸሽቶታል። በመንገድ ላይ ነገሩን ሁሉ አጫወትሁት።

ጂፑ አፍንጫውን ወደ ቤቱ፣ ጀርባውን ቁልቁል ወደሚታየው ሐይቅ አድርጎ እንደቆመ ነው። ዘይቱን አፈሰስን፤ ብሎኖቹን ነጭ ጋዝ አጠጣናቸው። የሚፈታው ተፈታ። ሳጥኑ ግን ከካምቢዮው አልላቀቅ አለ። በእንጨት ደግፈን መታነው፤ በብረት ፈለቀቅነው፤ የማርሹን ዘንግ ሁለት ሆነን ታገልነው። ምንም። በመዶሻው ምት ሁሉ እትየ ጥሩነሽ ከደጃፉ ላይ ትከሻቸው ሲሸማቀቅ ከመኪናው ሥር ሆኜ ይታየኝ ነበር። መዶሻውን በጨርቅ ጠቀለልሁት።

ምሳ የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልን። ጌታነህ ሳህኑን አየና፣ “ጣና ዳር ድረስ መጥተን ዓሣ የለም እንዴ?” አለ። በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥሁት። ሙሉቀን ከጠፋ ወዲህ በዚያ ቤት ዓሣ ተሠርቶ አያውቅም። ልጃቸው በሕይወት አለ የሚሉት ሴት ለምን ዓሣ እንደማይሠሩ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እሳቸውም የሰሙ አልመሰሉም፤ ሽሮ ጨመሩለት።

ጥላው ወደ ሌላው ወገን ሲዞር እትየ ጥሩነሽ ወደ መኪናው አፍንጫ ቀረብ ብለው ቆሙ። “ተውት፣ ልጀ” አሉኝ። “ባለቤቱ አልፈቀደም። እኔ ሰጠሁ፤ እሱ ግን እምቢ አለ። በሕይወት አለ ማለት ነው።”

ደነገጥሁ። ትተን ብንሄድ ሙሉቀን አለ የሚል ማስረጃ ሰጥተናቸው መሄዳችን ነው። ከዚያ በኋላ ማን ፍትሐት ይጠይቃቸዋል? ዕድሜያቸውን ሙሉ ያንን መስተዋት ሲወለውሉ ታየኝ፤ ለትራንስፈሩ ማሰቤን ያቆምሁት ያኔ ነው።

“አንድ ጊዜ ብቻ፣ እትየ” አልኋቸው። “የኋላውን አንሥተን እንየው፤ ከሥሩ ቦታ ጠቦን ነው።”

ጌታነህ ክሪኩን ከኋላ በኩል አስገብቶ ያነሣ ጀመር። ጎማው ከመሬት ሲላቀቅ ከመኪናው ሆድ ውስጥ ዷ! የሚል ድምፅ ወጣ። መኪናው ተንቀጠቀጠ። ጎማውም ማንም ሳይነካው ዞረ፤ ትንሽ ዞሮ ቆመ። ጌታነህና እኔ ተያየን።

ነገሩ ተአምር አልነበረም። አራቱም ጎማ ተያይዞ ደረቅ መሬት ላይ ሲታጠፍ፣ የፊቱና የኋላው እኩል ስለማይዞር የሚያያይዛቸው ብረት እንደተከረረ ገመድ ይጠመዘዝና መሬት የያዘው ጎማ ጭብጥ አድርጎ ይይዘዋል። ሙሉቀን ያን ቀን ዳገቱን ወጥቶ ሲታጠፍ የቋጠረው ጉልበት እስከዚያች ሰዓት ድረስ እዚያው ውስጥ ነበር። ዘንጉም ሳጥኑም የጠነከረብን በዚያ ነው። እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ሙሉቀን ዓመት ሙሉ ይዞት የኖረውን ነገር አሁን ከፊቴ የለቀቀው መሰለኝ።

“ምንድን ነው?” አሉ እትየ ጥሩነሽ። ከፊት ስለነበሩ መናጡን እንጅ ጎማውን አላዩትም።

“የኋላው ጎማ ዞረ” አልሁ።

“ማን አዞረው?”

“ማንም። ሙሉቀን የመጨረሻውን ሲነዳው የቀረ ጉልበት ነው፣ እትየ። አሁን ገና ወጣ።”

እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። “ወዴት ዞረ?” አሉ። “ወደ ቤት ነው፣ ወደ ሐይቁ?”

ጎማው የዞረው ወደ ኋላ፣ ወደ ሐይቁ ነበር። አጠገቡ ነበርሁ፤ አይቼዋለሁ። ያን ጊዜ ጌታነህ፣ የማንንም መኪና ሞት የማይደብቀው ጌታነህ፣ ጨርቅ አንሥቶ እጁን እየጠረገ ቀና አለ።

“ወደ ቤት ነው፣ እናቴ። ወደ እርስዎ ነው የዞረው።”

“በዓይንህ አይተኸዋል?”

“አይቻለሁ።”

እትየ ጥሩነሽ ራሳቸውን ደጋግመው ነቀነቁ። “እንግዲያስ ገብቷል” አሉ። “ልጀ ከቤቱ ገብቷል፤ አሁን ይፈቱልኝ።” ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ጥለቱ ወደ ላይ እንዲሆን አዘቅዝቀው መልሰው ለበሱት። ከዚያ ጮኹ። እንዲያ ያለ ጩኸት ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም፤ ባልሰማም ደስ ይለኛል። ጎረቤት ደረት እየመታ ግቢውን ሞላው። እኔም ከጎማው አጠገብ ቁጭ ብዬ ለወንድሜ አለቀስሁ፤ እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ አልቅሼለት አላውቅም ነበር።

ፍትሐቱ ተደረገ። ትራንስፈሩ ልቅሶው ካለቀ በኋላ ያለ መዶሻ ወረደልን፤ በእኔ ጂፕ ገብቶ ብዙ ክረምት ብዙ በሽተኛ አመላለሰ። ጌታነህን አንድ ቀን፣ “ለምን እንዲያ አልሃቸው?” ብዬ ጠየቅሁት። “ምን አልኋቸው?” አለኝ። ከዚያ በኋላ አላነሣሁበትም።

እትየ ጥሩነሽም ጌታነህም ዛሬ የሉም። ያንን ጎማ አይቶ በሕይወት ያለው እኔ ብቻ ነኝ። መስኮቱን በዘጋሁ ቀን አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ከእኔ በኋላ የሚያውቀው ስለማይኖር፣ ያየሁትን በትክክል ላስታውሰው ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ግቢው መጣልኝ፤ ክሪኩ መጣልኝ፤ የነጭ ጋዙ ሽታ ሳይቀር መጣልኝ። ጎማው ወደ ሐይቁ ሲዞር ለማየት ደጋግሜ ሞከርሁ። አልሆነልኝም። በሞከርሁ ቁጥር የሚዞረው ወደ ቤት ነው።