መኪና ይላክለት?

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ተራ ነገር ስልክ ቁጥር መገልበጥ ነው። ኩዌት፣ ኸይጣን ሰፈር ባለችው ክፍላችን አልጋው ላይ ተቀምጠን፣ እኔ ከደብተሩ አነባለሁ፣ እሱ ስልኩ ላይ ይጽፋል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቀስ በይ እንጂ! ጣት ነው ያለኝ፣ መትረየስ አይደለም።»

«የሦስተኛ ክፍል ልጆቼ ካንተ ይፈጥኑ ነበር።»

«እነሱማ ይፈሩሻል።»

አገር ቤት አማርኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ እዚህ የማዳምን ቤት አጸዳለሁ። እሱ ራይ በሚባለው የመጋዘኖች ሰፈር የአንድ የበረራ ማኅበር መጋዘን ጠባቂ ነበር። አባላቱ ሞተር በሌለው አውሮፕላን በረሃው ላይ የሚንሳፈፉ፣ ጊዜም ገንዘብም የተረፋቸው ሰዎች ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ደብተሩን ገልጦ ለእያንዳንዳቸው ይደውላል፤ ዓርብ በረራ መኖር አለመኖሩንና የንፋሱን ሁኔታ ይነግራቸዋል። ማን በደንብ እንደማይሰማ፣ የማን ሚስት እንደታመመች ያውቅ ነበር።

ከዚያ አዲስ ጸሐፊ መጣ። ሽቶው ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው። መደወል ኋላ ቀርነት ነው አለና፣ አባላቱ በሙሉ አንድ የስልክ መተግበሪያ ውስጥ እንዲገቡ አዘዘ። ትልቁ ኩራቱ ትርጉሙ ነበር፤ ሁሉም በገዛ ቋንቋው ይጽፋል፣ ሌላው በራሱ ቋንቋ ያነበዋል። ባለቤቴ አባላቱን አስገብቶ ሲጨርስ አንድ ሰው ቀረ፤ ተራ ስልክ ብቻ የያዙ የኩዌት ሽማግሌ። መብረር ትተዋል፤ ዓርብ ዓርብ ግን ሌሎቹን ሊያዩ ይሄዳሉ።

«እሳቸው ጋ እደውላለሁ» ብሎ ደብተሩን ዘጋ።

በማግስቱ ሽንኩርት ሊገዛ ወጥቶ ፋርዋኒያ ገበያ መሃል ወደቀ። ልቡ ነው አሉኝ።

ለማኅበሩ መንገር ነበረብኝ። ዐረብኛዬ የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው፤ ሞት አይጻፍበትም። በቋንቋችሁ ጻፉ ተብለን የለ? የእሱን ስልክ አነሣሁ። «ሞተ» የሚለውን ቃል ጣቴ እምቢ አለ። ስለዚህ ለባሌ የሚገባውን ክብር ሰጥቼ ጻፍኩ፦ «ባለቤቴ ትናንት ከቀትር በኋላ አርፏል።»

መልሱ ወዲያው መጣ። አውራ ጣት፣ አውራ ጣት፣ አሁንም አውራ ጣት። አንዱ ደግሞ «የት ነው ያረፈው? መኪና ይላክለት?» ይላል። እኔ ሞኟ የአስከሬን መኪና መሰለኝ። ለካ ጨዋዎች ናቸው ብዬ አለቀስኩ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬም መለስኩ። ቀጥሎ የጸሐፊው መልእክት ገባ፦ «ግሩም! ንፋሱ እንዴት ነበር?»

ያኔ ገባኝ። ንፋስ ከድቶት ሜዳ ላይ ያረፈ አውሮፕላን ጎታች መኪና ይላክለታል። ባለቤቴን እንደ አውሮፕላን አሳርፈውታል።

የሚተረጉመው ማሽንስ ማሽን ነው። ሰዎቹስ? ባለቤቴ የአውሮፕላኖቹን አቧራ ሲጠርግ ኖረ እንጂ አንድም ቀን ተሳፍሮባቸው አያውቅም። የመጋዘን ጠባቂ ከየት ተነሥቶ ነው ያረፈው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልተገኘም። አውራ ጣት ለመጫን ግን ሁሉም ጊዜ ነበራቸው።

በማግስቱ ጸሐፊው ደወለ። የጎረቤት መጋዘን ዘበኛ ነግሮት ነው።

«ሲስተር፣ አዝናለሁ። ግን መልእክትሽ አባላቱን አሳስቷል። ‹ሞተ› ብለሽ በግልጽ ጻፊና ይስተካከል።»

«አንተ ጻፈው እንጂ።»

«ከወጣበት ስልክ ነው የሚታረመው። አሠራሩ ነው።»

«እንግዲያው ደውልላቸው።»

ሳቀ። «በዚህ ዘመን ማን ይደውላል!»

ዘጋሁበት። አልጻፍኩም። ለእነሱ የሚሆን «ሞተ» የለኝም። ከእነሱም ደጄን የረገጠ የለም።

ሐሙስ አራት ሰዓት አለፈ። አምስት ሊሆን ሲል የባለቤቴ ስልክ ጮኸ። ሽማግሌው ናቸው።

«አንተ ሰነፍ፣ ዛሬ እንቅልፍ ጣለህ? ንፋሱን ሳትነግረኝ!»

ጣቴ እምቢ ያለውን አፌ በዐረብኛ አወጣው። ሞተ አልኳቸው።

ቤቴ የት እንደሆነ ጠየቁኝ። በዚያው ቀን ሹፌራቸውን አንድ ካርቶን ተምር አስይዘው፣ በከዘራ ሦስት ፎቅ ወጥተው መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅሁ።

«ሁልጊዜ ይጮኽብኝ ነበር» አሉ። «ግራ ጆሮዬ እንደማይሰማ የሚያስታውስ እሱ ብቻ ነበር።»

መተግበሪያው ላይ ባለቤቴ እስከ ዛሬ እንዳረፈ ነው፤ አውራ ጣቶቹም ከሥሩ ተደርድረዋል። እኔ ሐሙስ ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ የማዳምን ወጥ ቤት በር ዘግቼ፣ ንፋሱን ከእሱ ስልክ አንብቤ ለሽማግሌው እደውላለሁ። ጮክ ብዬ ነው የምናገረው።